ክንፉ ከየት መጣ?

የልጆቻችንን ደብተር ከፊት ለፊቱ እንጂ ከጀርባው ገልጠን የምናይ ስንቶቻችን ነን? የፊቱ ክፍል የአስተማሪው ነው። ቀኑና ርእሱ፣ መልመጃውና በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈው እርማት እዚያ ይገኛል። የጀርባው ክፍል ግን የልጁ የራሱ ነው። የዛሬን ልጆች ደብተር ከጀርባው ለገለጠ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚታየው የሰው ሥዕል ነው። ፀጉሩ እንደ ነበልባል ወደ ላይ የቆመ፣ ዓይኑ የፊቱን ሲሶ የያዘ፣ ግንባሩ ላይ ብረት ያለበት ጨርቅ ያሰረ ጎረምሳ ወይም ሰይፍ የታጠቀች ልጃገረድ ትሆናለች። ከጎኑም ስሙ፣ ዕድሜው፣ ኃይሉና ጠላቱ በደቃቅ ጽሑፍ ተዘርዝሯል።

ይህ ሥዕል እንዲያው የተጫረ አይደለም። ልጁ አንድ የታወቀ ታሪክ፣ ለምሳሌ ጃፓናዊው ማሳሺ ኪሺሞቶ ከ1999 እስከ 2014 (እ.ኤ.አ.) በተከታታይ ያሳተመውን «ናሩቶ»ን ይወስድና በዚያ ታሪክ ውስጥ ያልነበረ የራሱን ሰው ይጨምርበታል። መንደሩ፣ ሕጉና ጦርነቱ የሌላ ሰው ነው፤ አዲሱ ነዋሪ ግን የልጁ ነው። በዚህ ዓይነት በሌላ ደራሲ ዓለም ውስጥ የሚጻፍ ድርሰት ፋን ፊክሽን ይባላል። የተጨመረውን ሰው ደግሞ ልጆቹ ከእንግሊዝኛው አሳጥረው «ኦሲ» ይሉታል፤ የራስ የሆነ ገጸ ባሕርይ ማለታቸው ነው።

ይህን ልማድ ወላጆች በሁለት መንገድ ሲቀበሉት እናያለን። አንዱ ገጹን ቀዶ ይጥላል። ሌላው «የልጅ ጨዋታ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም ሥዕሉን አላዩትም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሥዕሉም ድርሰቱም ሊታይ፣ ሊመዘንና ሊተች እንደሚገባው ማሳየት ነው። ምክንያቱም ልጁ «እኔ በዚያ ዓለም ብኖር ማን እሆን ነበር?» ለሚለው ጥያቄ የሰጠው መልስ ይህ ነው። ልጃችን በምኞቱ ውስጥ ማንን ሆኖ እንደሚኖር ማወቅ ደግሞ ከወላጅ ኃላፊነት የሚቆጠር ነው።

የዓኢሻ (ረ.ዐ) ፈረስ

«ፈጠራ» የሚለውን ቃል ሲሰማ አንድ ሙስሊም ቤተሰብ ቆም ብሎ ቢያስብ ተገቢ ነው። መፍጠር የአላህ (ሱ.ወ) ነው። ነፍስ ያላቸውን ነገሮች ምስል ስለሚሠሩ ሰዎች የመጡት ሐዲሶችም ብርቱ ናቸው፤ ሠሪዎቹ በቂያማ ቀን ለሠሩት ነገር ሕይወት እንዲሰጡት እንደሚጠየቁ፣ እንደማይችሉም ተነግሯል። ዑለማዎች በእነዚህ ሐዲሶች ላይ በሰፊው ተነጋግረዋል። በሐውልትና ጥላ በሚጥል ቅርጽ ላይ የጠነከሩ፣ በጠፍጣፋ ሥዕል ላይ የተለያዩ፣ የልጆችን መጫወቻ ለይተው የፈቀዱ አሉ። ሥዕል የሚወድ ልጅ ያለው ወላጅ የሚያምነውን ዓሊም ይጠይቅ፤ ይህ ገጽ የፈትዋ ቦታ አይደለም።

ይሁን እንጂ በዚሁ ውይይት ውስጥ ዑለማዎች ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ሐዲስ ለዛሬው ርእሳችን ትልቅ ብርሃን አለው። አቡ ዳውድ በሱነናቸው እንዳሰፈሩት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከተቡክ ወይም ከኸይበር ዘመቻ ተመልሰው ሳለ ነፋስ በዓኢሻ (ረ.ዐ) መደርደሪያ ላይ ያለውን መጋረጃ ገለጠውና አሻንጉሊቶቿ ታዩ። ምን እንደሆኑ ጠየቋት፤ ሴት ልጆቿ መሆናቸውን ነገረቻቸው። በመካከላቸው ስላለው ነገር ጠየቋት፤ ፈረስ ነው አለች። በፈረሱ ላይ ያለውስ ምንድን ነው ቢሏት ሁለት ክንፎች መሆናቸውን መለሰች። ፈረስ ክንፍ አለው ወይ ብለው ቢገረሙ፣ የሱለይማን (ዐ.ሰ) ፈረሶች ክንፍ እንደነበራቸው አልሰሙምን ስትል መለሰችላቸው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) የመንጋጋ ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ።

ሐዲሱ ስለ ድርሰት ጥበብ የተነገረ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ነገር ግን አንድ ልጅ የሰማውን ታሪክ ይዞ የራሱን ነገር ሲያበጅ ምን እንደሚመስል እናይበታለን። የሱለይማን (ዐ.ሰ) ፈረሶች ወሬ የተሰማ፣ የታወቀ ነው። የጨርቅ ክንፍ ያለው ይህ አንድ ፈረስ ግን የዓኢሻ (ረ.ዐ) ነው። ክንፉ ከየት እንደመጣ ስትጠየቅም መልስ አላት። እንግዲህ በተዋሱት ዓለም ውስጥ የሚታከለውን ማንኛውንም ገጸ ባሕርይ የምንመዝንበት ሚዛን ይህ ነው እላለሁ፤ ያበጀው ሰው ስለ እያንዳንዱ ነገሩ ሲጠየቅ መልስ አለውን?

ዲምናን ለፍርድ ያቀረበው ማን ነው?

በሌላ ሰው ታሪክ ውስጥ ገብቶ መጻፍ የዛሬ ልጆች ያመጡት ነገር አይደለም። በመድረሳ ዐረብኛ የተማረ ሰው «ከሊላ ወዲምና»ን ያውቃል። መጽሐፉ መነሻው ሕንድ ነው። ከሕንድ ወደ ጥንታዊው ፋርስኛ ከተሻገረ በኋላ በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢብኑል ሙቀፈዕ ወደ ዐረብኛ መለሰው። በታሪኩ ውስጥ ዲምና የተባለው ቀበሮ በነገረ ሠሪነት አንበሳውን ንጉሥ ከወዳጁ ከበሬው ጋር ያጣላና በሬውን ያስገድለዋል። በጥንቱ የሕንድ ታሪክ ነገረ ሠሪው እንደተሳካለት ይቀራል። በዐረብኛው መጽሐፍ ግን ዲምና ተይዞ ችሎት ፊት ይቆማል፤ ይመረመራል፤ ይከራከራል፤ መጨረሻውም ጥፋት ይሆናል። ተመራማሪዎች ይህን የፍርድ ምዕራፍ ራሱ ኢብኑል ሙቀፈዕ እንደጨመረው ይናገራሉ።

ልብ እንበል! ይህ ሰው ወደ ሌላ ሕዝብ ታሪክ ሲገባ አንድ ነገር ሊሞላ ገባ። አጥፊ ያለ ተጠያቂነት ሲቀር አይቶ የጎደለውን ፍርድ አመጣ። በዚያ መጽሐፍ መግቢያ ላይ የእንስሳቱ ሥዕሎች አንባቢን ለመሳብ እንደሚጠቅሙ መነገሩም ሥዕልና ድርሰት አብረው መጓዛቸው ጥንታዊ መሆኑን ያሳያል።

ከዚህ አንፃር የልጆቻችንን ደብተር ስናይ ትልቁ ጉድለት ወዲያው ይታያል። አብዛኞቹ ገጸ ባሕርያት ወደ ተዋሱት ዓለም የሚገቡት ከሁሉ በላይ ለመሆን ብቻ ነው። የታወቀው ጀግና እሳት ከተፋ የእኛ ልጅ እሳትና በረዶ ይተፋል። የታወቀው ጀግና አንድ ሰይፍ ካለው የእኛ ልጅ ሦስት አለው። የኃይሉ ዝርዝር አንድ ገጽ ሲሞላ የማይችለው ነገር አንድ መስመር አልተጻፈለትም። እንዲህ ያለው ሰው ምንም ስለማይጎድለው ምንም አይፈልግም፤ ምንም የማይፈልግ ሰው ደግሞ ታሪክ አይኖረውም። ሁለተኛውን ገጽ ለማንበብ የሚያጓጓን አንዳች ምክንያት አይተውልንም።

ስም መለወጥና ሰው ማበጀት

አንዳንድ ወላጆችና አስተማሪዎች ለዚህ ያገኙት መድኃኒት ስም መለወጥ ነው። «የጃፓን ስም አትስጠው፤ አሕመድ በለው» ይላሉ። ይህ መድኃኒት ተሞክሯል። ዮይቺ ታካሃሺ የተባለው ጃፓናዊ በ1981 (እ.ኤ.አ.) የጀመረው የኳስ ተጫዋቹ ልጅ የፁባሳ ታሪክ ወደ ዐረብኛ ሲመለስ ልጁ «ካፒቴን ማጂድ» ተባለ። ከጂዳና ከሪያድ በተመለሱ ቤተሰቦች ቤትና የዐረብ ሳተላይት በሚታይበት ቤት ያደጉ ብዙዎች ያስታውሱታል። ልጆቹ በጣም ወደዱት፤ መውደዳቸውም አያስነቅፍም። ነገር ግን ማጂድ ስሙ ብቻ ዐረብ ሆኖ ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱና ጎዳናው ጃፓን ሆኖ ቀረ። ስሙ ተለወጠ እንጂ አዲስ ሰው አልመጣም።

ስም መዋስ በራሱ ነውር አይደለም። የምኖርበት የልደታው ሜክሲኮ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። አደባባዩ ይህን ስም ያገኘው ኢጣሊያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ሜክሲኮ ወረራውን አልቀበልም በማለቷ፣ ለውለታዋ መታሰቢያ ነው። ዛሬ የታክሲ ረዳቱ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እያለ ሲጣራ ስለ ሩቅ አገር የሚያስብ ተሳፋሪ የለም። ስለ ወረፋው፣ ስለ ቤቱና ስለ ሥራው ነው የሚያስበው። ስሙ የተዋሰ ቢሆንም ሰው ስለኖረበት የእኛ ሆኗል። በሌላ በኩል በሜክሲኮ ከተማም በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ የምድር ባቡር ጣቢያ አለ፤ በ1980 (እ.ኤ.አ.) የተከፈተ ነው። የጣቢያው ምልክት የአንበሳ ራስ ነው። አንበሳው ያማረ ነው፤ ለመንገደኛም ያገለግላል። ይሁንና እርሱን ብቻ ያየ ሰው ስለ አንድ ኢትዮጵያዊ እናት ኑሮ ምንም አያውቅም። ምልክት ሌላ፣ ሰው ሌላ ነው።

ይህ ልዩነት የኩዌቱ የሥነ ልቦና ባለሙያ ናይፍ አል ሙጠዋዕ በ2006 (እ.ኤ.አ.) ያወጡትን «ዘጠና ዘጠኙ» የተባለ የሥዕል መጽሔት ለመመዘን ይረዳናል። የሥራው ሐሳብ ትልቅ ነበር። በ1258 (እ.ኤ.አ.) በሞንጎሎች እጅ የጠፋው የባግዳድ ዕውቀት በ99 የከበሩ ድንጋዮች ውስጥ ተርፎ፣ ድንጋዮቹን ያገኙ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ወጣቶች ልዩ ኃይል ያገኛሉ። እስከ አሜሪካ ድረስ ዝነኛ ሆኖ በ2010 (እ.ኤ.አ.) ከነሱፐርማን ጋር በአንድ ታሪክ ውስጥ ተገናኝተዋል። ጀግኖቹ ግን ከአላህ (ሱ.ወ) ስሞች በተወሰዱ ስሞች ስለተጠሩና እያንዳንዳቸው አንዱን ባሕርይ እንዲወክሉ ስለተደረጉ ከዑለማዎች ብርቱ ተቃውሞ ገጥሟቸዋል፤ በ2014 (እ.ኤ.አ.) የሳዑዲ ዓረቢያ ዑለማዎች አውግዘውታል።

የእምነቱን ጉዳይ ዑለማዎች ተናግረዋል። እኔ የምጨምረው የድርሰቱን ጉድለት ነው፤ የሚገርመውም ሁለቱ ከአንድ ቦታ መገናኘታቸው ነው። ከጀግኖቹ አንዱ «ጀባር» ይባላል፤ ግዙፍና ጉልበተኛ ነው። ሙስሊም ለልጁ ይህን ስም ሲያወጣ ዐብዱልጀባር ይለዋል። «ዐብድ» የምትለዋ ቃል ባለ ስሙ ገደብ ያለው፣ ጌታ ያለው፣ የሚጠየቅ መሆኑን ትናገራለች። ቃሏ ስትወጣ እምነቱ ብቻ አይደለም የሚጎዳው። ገደቡ ስለሚጠፋ ሰውየውም ይጠፋና ጡንቻ ብቻ ይቀራል። ልጆቻችን የሚያበጁት ገጸ ባሕርይ ሁሉ፣ ስሙ ማንም ይሁን፣ ከፊቱ ይህች የማትታይ «ዐብድ» ትኑረው።

የሞቱት እናቶች

ቅዳሜና እሑድ ከማስቀራቸው ልጆች መካከል ሥዕል የሚወዱ ጥቂቶች አሉ። አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ለናሩቶ ዓለም ያበጀቻትን ልጃገረድ አሳየችኝ። እጇ የተባረከ ነው። ልጃገረዷ ነጭ ፀጉር፣ ሰማያዊ ዓይን አላት፤ ወላጆቿ በጦርነት ሞተዋል። የሌሎቹን ልጆች ደብተር ብጠይቅ በዚያም እናትና አባት ሞተዋል። «ለምን ሁሉም ይሞታሉ?» አልኳት። «ኡስታዝ፣ ካሉማ ከቤት አያስወጧትም!» አለችኝ።

ይህን መልስ ወላጅ ሁሉ ሊያስብበት ይገባል። ልጅቱ በደል የለባትም፤ የምትወዳቸው ታሪኮች ያስተማሯት ይህንኑ ነው። ጀግንነት ከቤት ውጭ ያለ ነገር ነው፤ ቤተሰብ መሰናክል ነው፤ ስለዚህ ደራሲው በመጀመሪያው ገጽ ይገድላቸዋል። ነጩን ፀጉርም ስጠይቃት «በዚያ ዓለም ሒጃብ የለም» አለችኝ። አንዲት ልጅ በምኞቷ ዓለም እናቷ የሞተች፣ መልኳም የራሷ ያልሆነ እንድትሆን ከተገደደች ኪሳራው የጥቂት ወረቀት ኪሳራ አይደለም።

የቲምነትን የሚያውቅ ሰው ሲራን ይመልከት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የቲም ነበሩ። ይሁን እንጂ ታሪካቸው በሰው የተሞላ ነው። ያጠቧቸው ሐሊማ፣ ያቀፏቸው አያታቸው ዐብዱል ሙጦሊብ፣ በደጋፊነት የቆሙላቸው አጎታቸው አቡ ጧሊብ፣ ከአቢሲንያ ምድር የነበረችው ኡሙ አይመን፣ ሁሉም በስማቸው ይታወቃሉ። የእናታቸው ሞትም የት እንደደረሰ፣ ከማን ጋር እንደነበሩ ይነገራል። በዚያ ታሪክ ውስጥ የቲምነት ሐዘንም ባለ ዕዳነትም ነው፤ ለደራሲ ማምለጫ ቀዳዳ አይደለም።

ይህን የተረዳ ድርሰት በዘመናችንም አለ። የአሜሪካው ማርቭል ኩባንያ በ2014 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው የካማላ ካን ታሪክ ነው። አዘጋጇ ሰና አማናት ከፓኪስታን ቤተሰብ የተወለደች፣ ደራሲዋ ዊሎው ዊልሰን ደግሞ እስልምናን የተቀበለች አሜሪካዊት ናት። ካማላ በጀርሲ ሲቲ የምትኖር የ16 ዓመት ሙስሊም ልጅ ስትሆን፣ እንደኛ ልጆች በምትወዳቸው ጀግኖች ዓለም ውስጥ የራሷን ድርሰት ትጽፋለች። ኃይል ስታገኝ በመጀመሪያ የምታደርገው የምታደንቃትን ጀግና መምሰል ነው፤ ፀጉሯ ወርቃማ፣ መልኳ ነጭ ይሆናል። ወዲያው ግን ፀጉሩ ዓይኗን ይከልላታል፤ ልብሱ ይይዛታል፤ በሰው መልክ መኖር እንደማይመች ትረዳለች። ቀስ በቀስም በራሷ መልክ መቆምን ትማራለች። ልብሷንም ሙስሊም ሴቶች ለዋና ከሚለብሱት ልብስ ታበጀዋለች።

የታሪኩ ጉልበት ያለው ግን ከቤት ነው። አባትና እናት በሕይወት አሉ። ይቆጣሉ፤ ይጨነቃሉ፤ ምግብ ያቀርባሉ። ጀግናዋ ከጠላት ጋር ከታገለችው ያላነሰ ከቤት መግቢያ ሰዓት ጋር ትታገላለች። ወደ መስጊዳቸው ሸይኽ ተልካ ስትሄድም ቁጣ ጠብቃ ነበር። ሸይኹ ግን ሰው ከመርዳት ካልተመለሰች በድፍረት፣ በሐቀኝነትና በርኅራኄ እንድታደርገው ይመክሯታል። መጽሐፉ በ2015 (እ.ኤ.አ.) የሁጎ ሽልማትን አግኝቷል። ሆኖም ሁሉም ነገሩ ለቤታችን ይስማማል ማለት አይደለም። ካማላ ራሷ ሒጃብ አትለብስም፤ ታሪኩም ከወላጆቿ ተደብቃ ወደ ወጣቶች ግብዣ በመሄድ ነው የሚጀምረው። ወላጅ አስቀድሞ ያንብበው። ልጅ ሊማርበት የሚገባው እናትና አባትን ሳይገድሉ ጀግና ማበጀት እንደሚቻል ነው።

በአገራችን የተሞከረው

በአገራችንም ጥሩ ጅምሮች አሉ። በ2005 (እ.ኤ.አ.) አስተማሪዋ ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር የጀመረችው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የልጆች ዝግጅት ከካልሲ የተሠራች የስድስት ዓመት ቀጭኔ አመጣልን። ፀሐይ ትንሽ ናት፤ አታውቅም፤ ትጠይቃለች። ልጆች የወደዷት በዚህ አቅሟ ነው። ገደብ ያለው ገጸ ባሕርይ ያለ ምንም ልዩ ኃይል እንዴት እንደሚወደድ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም።

በ2018 (እ.ኤ.አ.) ብሥራት ደበበ በመሠረተው ኢታን ኮሚክስ አማካይነት «ጀምበር» የተባለውን የልዕለ ኃያል ታሪክ በአማርኛም በእንግሊዝኛም አወጣ። ጀግናው አማኑኤል ጥላሁን ትምህርቱን ጨርሶ በአዲስ አበባ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። ይህ ትልቅ ምርጫ ነው። ልዩ ኃይሉ ከሩቅ አገር የታሪክ ዘይቤ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ሥራ ማጣቱ ግን የኛው ነው። ማስረጃውን በፌስታል ይዞ ከቢሮ ቢሮ የዞረ ወጣት ያለበት ቤተሰብ ሁሉ ያውቀዋል። ከዚህ ቀጥሎ በ2019 (እ.ኤ.አ.) የመጣችው «ሐዊ» ደግሞ በውጭ አገር የምትኖር እመንት ለገሠ የተባለች ወጣት ከእናቷ ጋር ወደ ኢትዮጵያ ስትመጣ እናቷ የምትጠለፍባት ታሪክ ናት። እዚህ እናት መሰናክል መሆኗ ቀርቶ የታሪኩ መነሻ ሆናለች።

ትችት ካነሳን አይቀር፣ ልዕለ ኃያልነት ራሱ የአሜሪካ ቅርጽ ነው። ችግር ሁሉ በአንድ ሰው ክንድ ይፈታል ይላል። እኛ ግን በዕድር የምንቀበር፣ በጀማዓ የምንሰግድ፣ በሰደቃ የምንረዳዳ ሕዝብ ነን። ልጆቻችን ከሩቅ ለተዋሱት ዓለም ሊጨምሩት የሚችሉት ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል። ብቻውን የማያሸንፍ፣ ጎረቤት ያለው፣ ሲወድቅ የሚያነሱት ሰዎች ያሉት ጀግና ቢያመጡ ኢብኑል ሙቀፈዕ ፍርድን እንዳመጣ እነርሱም የጎደለውን አመጡ ማለት ነው። ይህን ሌላ ሰው እንዲሥልልን ከመጠበቅ ይልቅ ደብተሩን የያዙትን ልጆች ማገዝ ይሻላል።

ስለ ሥዕሉ ደግሞ

ሥዕሉን የሚፈቅድ ቤተሰብ ልጁ በአግባቡ እንዲሥል ይርዳው። ሥራቸው ሥዕል የሆነ ሰዎች አንድን ገጸ ባሕርይ ከፊት፣ ከጎንና ከጀርባ ይሥሉታል፤ ሲቆም፣ ሲሮጥና ሲያዝን ያሳዩታል። ከዚያም ጥላውን ብቻ አጥቁረው ማንነቱ ይለይ እንደሆነ ይፈትኑታል። የልጆቻችን ሥዕሎች ግን ሁልጊዜ ከፊት ለፊት የቆሙ፣ እጃቸውን ከኋላ የደበቁ ናቸው። እጅ ለመሣል ከባድ ስለሆነ ነው።

በጃፓኖቹ የአሣሣል ስልት ፊቶች በጣም ይመሳሰላሉ፤ አንዱ ከሌላው የሚለየው በአብዛኛው በፀጉሩ ነው። ስለዚህ ሒጃብ የለበሰች ልጅ ለመሣል የሞከረ ልጅ ሁሉንም አንድ አድርጎ ያወጣቸዋል። «አያምርም» ብሎም ይተወዋል። ችግሩ ያለው ከሒጃቡ ሳይሆን ከተዋሰው ስልት ነው። ፀጉር ሲሸፈን ሠዓሊው ቅንድቡን፣ አገጩን፣ አካሄዱንና የእጁን አኳኋን ማጥናት ይኖርበታል። የጨርቁም አወራረድ የየአገሩ የተለየ ነው፤ የሐረር ሴቶች ሻሽ አስተሳሰር ከወሎዎቹ፣ የወሎዎቹም ከጅማዎቹ ይለያል። ጨርቅ ከተያዘበት ተጎትቶ፣ ከትከሻ ወርዶ፣ ሲሮጡ ወደ ኋላ ይነፍሳል። ይህን ለማወቅ ውድ ቀለም አያስፈልግም። እናት ስትሠራ ቁጭ ብሎ ማየት ይበቃል።

ያቺ የ13 ዓመት ተማሪ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሥዕሏን አሻሽላ አመጣች። ልጃገረዷ አሁንም ሰይፍ ታጥቃለች፤ ፀጉሯ ግን ተሸፍኗል፤ ቅንድቧም የልጅቱን የራሷን መስሏል። «እናቷስ?» ብላት፣ «አለች፤ ግን ከመግሪብ አዛን በፊት ካልገባች ጉዷ ይፈላል» አለችኝ። በዚያች ዓረፍተ ነገር ታሪክ ተጀመረ። ጠላት በደጅ ቆሟል፤ ፀሐይ እየጠለቀች ነው፤ እናት ቤት ትጠብቃለች። ከሦስት ሰይፍ ይልቅ ይህ አንድ ገደብ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ እንድንጠይቅ ያደርገናል።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ! ልጆቻችሁ የሣሉትን ስታገኙ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ይህ ማን ነው? እናቱ የት ናት? የማይችለው ምንድን ነው? ወደዚያ ዓለም የሄደው ምን ሊሞላ ነው? ክንፉስ ከየት መጣ? መልስ ያለው ልጅ እያሰበ ነው። መልስ ያጣም ቢሆን ጥያቄውን ይዞ ወደ እርሳሱ ይመለሳል። የሚታረም ነገር ካለ ከጥያቄው በኋላ ይታረማል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጋረጃው በተገለጠ ጊዜ በጥያቄ ጀምረው በሳቅ ጨርሰዋል፤ ለኛም መልካም አርአያ ያለው በእርሳቸው ነው።

ወላሁ አዕለም።